የሰባተኛው ዙር ልጅ እናት

ነቢላ የወንድሟን የያሲንን ሠርግ ለጎረቤቶቿ የነገረችው ሠርጉ ካለፈ በሳምንቱ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ከቦከንሃይም ሰፈር ወደ ፌኸንሃይም ቤት ስትቀይር፣ ጓደኞቿ ያወቁት አሮጌው በር ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ ሲያገኙ ነው። ስታረግዝም፣ ሆዷ ከካፖርቱ አልፎ እስኪታይ ድረስ ለጠየቃት ሁሉ "ጨጓራዬን እያመመኝ ነው" ስትል ከርማለች። ማንንም ለመጉዳት አይደለም። ያላለቀ ነገር አይወራም፤ ይኸው ነው ሕጓ። ሕጉን ደግሞ እሷ አላወጣችውም። ፍራንክፈርት ካሉት ያገሯ ልጆች አብዛኞቹ ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ እንዳላቸው እንኳ የሚናገሩት ቴርሚኑ ካለፈ በኋላ ነው። እሷን ከሌሎቹ የሚለያት ሕጉን ከሃያ ዓመቷ ወዲህ አንድም ቀን ጥሳ አለማወቋ ነበር።

በሃያ ዓመቷ ጥሳዋለች። ያኔ መርካቶ አጠገብ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ፍራንክፈርት የምትኖር አክስቷ ጥሪ ላከችላትና ከብዙ ምልልስ በኋላ የመውጫ ቪዛ ተመታላት። በደርግ ጊዜ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ተራ ነገር አልነበረም። ደስታዋን መቻል አቅቷት አብራት ለምትሰፋ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነገረቻት። ሳምንት ሳይሞላ ቀበሌ ተጠርታ ፓስፖርቷን አስረከበች። ጓደኛዋ ተናግራ ይሁን ወይም ነገሩ በሌላ መንገድ ተሰምቶ ይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ጀርመን የገባችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ስትደርስ አክስቷ ሞታ ነበር። "ምላሴ አክስቴን አስከፈለኝ" ትላለች፣ ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ። የምታወራውም ከስንት አንዴ ነው።

ከዚህ በቀር ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ፌኸንሃይም በሚገኝ የእቃ ማከፋፈያ መጋዘን፣ ደንበኞች የመለሱት እቃ በሚለይበት ክፍል፣ የሺሽት፣ ማለትም የፈረቃ፣ ኃላፊ ናት። አንድ የገና ሰሞን ከበላይ የመጣ ሰው ሴቶቹ ዕረፍታቸውን አሳጥረው እንዲሠሩ ቢያዝ፣ ነቢላ መቀመጫ አምጥታ እቃ የሚያመላልሰው ቀበቶ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ዳቦዋን ቀስ ብላ በላች። ሴቶቹም እሷን አይተው ተቀመጡ። ሰውየው ቆሞ አይቶ አይቶ ሄደ። ባሏ ትቷት ሃምቡርግ ሌላ ቤት ሲመሠርትም፣ ሊያጽናኗት የመጡትን ሴቶች "ለምን ነው የምታለቅሱት? የሞተ አለ እንዴ?" ብላ ሻይ አጠጥታ ሸኝታቸዋለች።

የበረዶ ሆኪ ወደ ሕይወቷ የገባው በልጇ በዚያድ በኩል ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለ የክፍሉ ልጆች ራትስቬግ ወዳለው የበረዶ አዳራሽ ተወሰዱ። ዚያድ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደቀ፤ እንደ ሌሎቹ ግን ወደ ዳር ሄዶ አጥሩን አልያዘም። እየወደቀ መሀል ለመሀል መሄዱን ያየ አንድ አሠልጣኝ የስልክ ቁጥሩን ለክፍሉ አስተማሪ ሰጣት። ነቢላ መጀመሪያ እምቢ አለች። የጫማውን ዋጋ ስትሰማ ደግሞ ሁለተኛ እምቢ አለች። በመጨረሻ ያሸነፋት የልጁ አኩርፎ ራት መተው ሳይሆን፣ አንዲት የክፍሉ ልጅ እናት "ይሄ ስፖርት ለእናንተ አይሆንም፣ ብርድ ነው" ማለቷ ነበር። በነጋታው ሄዳ አስመዘገበችው።

በመጀመሪያው ዓመት በረዶው ላይ፣ ፑክ በሚባለው ጥቁር የጎማ ክብ ዙሪያ፣ የሚሆነው ነገር አልገባትም። በሁለተኛው ዓመት ዳኛውን መሳደብ ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት ስድቧ ትክክል ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ከልጁ የሚበልጠውን የእቃ ቦርሳ ይዛ ትራም ላይ ስትሳፈር፣ እንደ እሷ ያረጀ ካፖርት የለበሱ የሌሎች ልጆች አባቶች ሰላም ይሏታል። ልጁን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውን ወደደችው። የከተማው ትልቁ ክለብ ፈቃዱን አጥቶ ወደ አራተኛ ደረጃ በወረደበት ክረምት ብዙዎች መምጣት ሲተዉ፣ እሷ የዓመት ትኬት ቆረጠች። "ሲወድቅ የምተወው ከሆነ፣ መጀመሪያውኑስ ለምን መጣሁ?" አለች፤ ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ፣ ቆመው በሚያዩበት ወገን፣ ከበሮው አጠገብ አትጠፋም።

ሐበሻ ሆኖ ሆኪ የሚከታተል ሰው በከተማው ብዙ የለም። ያሉት እሑድ እሑድ ሌላ ጊዜም ሲመቻቸው የሚገናኙት ያሲን ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ያሲን ቦከንሃይም፣ ከላይፕዚገር ሽትራሰ ገባ ብሎ፣ በርበሬና ሽሮ፣ የስልክ ካርድና የፀጉር ቅባት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለው። ስለ ሆኪ የሚያውቀው ከእህቱ የሰማውን ብቻ ነው፤ ጩኸቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጋሼ ተክለ ማርያም ሽማግሌ ናቸው። በተማሪነት መጥተው፣ በስደት ቀርተው፣ በመሐንዲስነት ጡረታ ወጥተዋል። ኖርድኤንድ ከሚገኘው ቤታቸው እየመጡ የታተመውን ሁሉ ያነባሉ፤ የታተመውንም ያምናሉ። ተወልደብርሃን ደግሞ ኤርትራዊ የታክሲ ሹፌር ነው፤ የሚያምነው ነገር የለም። ጋሼ ተክለ ማርያም አንብበው ሲጨርሱ "ማን አለ?" ብሎ የሚጀምረው እሱ ነው።

ዚያድ በአሥራ አምስት ዓመቱ ማንሃይም ወዳለ የወጣቶች ቡድን ተዛወረ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የጸደይ ወራት፣ ስሙ በድራፍቱ ወሬ ውስጥ መነሳት ጀመረ። ድራፍት ማለት የሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ክለቦች በሰኔ ወር ተራ እየጠበቁ ከዓለም ዙሪያ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ሰባት ዙር አለው። መመረጥ መቀጠር አይደለም፤ በር መከፈቱ ብቻ ነው። ምርጫው ከመድረሱ ከወራት በፊት ጀምሮ ግን ጸሐፊዎች ማን በስንተኛው ዙር እንደሚጠራ ይተነብያሉ፤ ዝርዝር ያወጣሉ፤ ይሟገታሉ። ዚያድን አንዳንዶቹ በሦስተኛው፣ አንዳንዶቹ በአራተኛው ዙር አስቀምጠውት ነበር።

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ የጀርመን ሆኪ ወሬ የሚያወጣ የኢንተርኔት ገጽ ጸሐፊ ለነቢላ በዕረፍት ሰዓቷ ደወለላት። ትሑት ወጣት ነበር። ልጅዎ ሊመረጥ ይችላል ይባላል፣ ቤተሰቡ ምን ያስባል፣ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ተዘጋጅቷል ወይ ብሎ ጠየቃት። ነቢላ የሰማችው ሌላ ነበር። የማታውቀው ሰው ልጇ ወዴት እንደሚሄድ እየጠየቃት ነው።

"የትም አይሄድም" አለችው። "ጀርባውን ያመዋል። ሆኪውንም ሳይተወው አይቀርም።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠያቂው ያገሯ ሰው ቢሆን ኖሮ መልሱ ወዲያው ይገባው ነበር፤ ነገር አለ፣ አትጠይቀኝ ማለቷ ነው። ጸሐፊው ግን ጀርመናዊ ነበር። የተነገረውን ጻፈ፤ "ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ምንጭ" ብሎ። ከእሱ ሌሎች ገጾች ቀዱት፤ ከእነሱም ባሕር ማዶ ያሉት።

ነቢላ እነዚህን ገጾች አታነብም። ጋሼ ተክለ ማርያም አንብበዋል፤ ነገር ግን እናት ራሷ ያላነሳችውን የልጅ ሕመም ማንሳት ነውር ነውና ዝም አሉ። ለተወልደብርሃን በጆሮው ነገሩት፤ እሱም ለአንዴ አመናቸው። ዚያድም አንብቧል። ከሱ ጋር የሚፎካከር የሌላ ልጅ አባት ያስወራበት መስሎት ተናደደ። ለአሠልጣኙ ነገረ። እናቱ እንዳትጨነቅ ግን ከእሷ ደበቀው። መደበቅን ከማን እንደተማረ መጠየቅ አያስፈልግም።

*

የድራፍቱ ሁለተኛ ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ ረመዳን የገባበት ቅዳሜ። የመጀመሪያው ዙር ዓርብ በአሜሪካ ምሽት አልቋል። አንድ የኮሎኝ ተወላጅ በሦስተኛነት ስለተጠራ፣ የጀርመን ጋዜጦች ስለ ሆኪ የሚጽፉት ሁሉ ስለ እሱ ነበር፤ የቀረው ወረቀት ለዓለም ዋንጫው ተሰጥቷል። የቀሩት ስድስት ዙሮች በፍራንክፈርት ሰዓት ከቀትር በኋላ ተጀመሩ።

ያሲን ኮምፒዩተሩን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ጓዳውን አዘጋጀ። እሱም፣ ነቢላም፣ ዚያድም ጾመኞች ናቸው። ጋሼ ተክለ ማርያም የሐዋርያትን ጾም ይዘዋል። ተወልደብርሃን የያዘውን ሳንድዊች እንደ ሌባ ጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ ገባ።

"ኣንታ፣ እዚህ ቤት የሚበላ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?"

"ብላ፣ ማን ከለከለህ" አለው ያሲን።

"አራት ሰው እያየኝ? ከዚህ ሳንድዊች የሲኦል እሳት ይሻለኛል።"

ሦስተኛው ዙር አለፈ። ዚያድ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያሽከረክራል። አራተኛው ዙር አለፈ። ጋሼ ተክለ ማርያም በታብሌታቸው ላይ ያለውን ዝርዝር በጣታቸው ይከተላሉ፤ አንድ ስም በተጠራ ቁጥር "ይሄ ከሱ በታች የነበረ ነው" ይላሉ። አምስተኛው ሲያልፍ እሱንም ማለት ተዉ። ከጎረቤት መጠጥ ቤት የብራዚልና የቺሊ ጨዋታ ጩኸት ይሰማል።

ስሙ የተጠራው በሰባተኛው ዙር፣ ሰዎች አዳራሹን ጥለው መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነበር። የአንድ የካናዳ ክለብ ሰው ስሙን ትንሽ አበላሽቶ፣ ግን ሙሉውን፣ ጠራው።

ያሲን ሲዘል ትከሻው መደርደሪያ መትቶ የቲማቲም ጣሳ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጋሼ ተክለ ማርያም "ተመስገን" አሉ። ተወልደብርሃን ዚያድን አንገቱን ይዞ ራሱን ሳመው። ነቢላ ግን እልል አላለችም። አፏን በእጇ ይዛ ወደ በሩ ዞረችና፣

"በሩን ዝጉት!" አለች። "ሱቁ ሰው አለበት።"

"የዓለም ሕዝብ እያየ ነው የተጠራው እኮ!" አለ ያሲን።

"ዓለም እዚህ ሰፈር አይኖርም። ዝጋው አልኩህ።"

ደስታው ሲበርድ ክርክሩ ተነሳ። ደስታ ያለ ክርክር እዚያ ጓዳ ውስጥ አይዋጥም። ጋሼ ተክለ ማርያም መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ደስ ይላል፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። በሰባተኛው ዙር ከተመረጡት ትልቁ ሊግ የሚደርሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ተጽፏል።"

"ማን ጻፈው?" አለ ተወልደብርሃን።

"የሚያውቁ ሰዎች።"

"የሚያውቁ! አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል። ይኸው አሁን፣ ልጆቹ የመረጣቸውን ክለብ ቆብ እንኳ ሳያጠልቁ ጸሐፊዎቹ ለየክለቡ ውጤት እየሰጡ ነው። ዳቦው ሳይጋገር ጣዕሙን ይነግሩሃል!"

"ለዚህኛው ክለብ ምን ሰጡት?" አለ ያሲን።

ጋሼ ተክለ ማርያም አዩና መነጽራቸውን ማጽዳት ጀመሩ።

"ይንገሩን እንጂ!"

"ዝቅ ያለ ነው" አሉ። "ስለ ዚያድ የተጻፈው... በእንግሊዝኛ ነው... እግሩ ፈጣን ነው ይላል። ለተከላካይ ቁመቱ አጭር ነው ይላል።"

"ቁመቱን ይተዉት" አለች ነቢላ። "ረጅሞቹ ጥግ ላይ ሲዞሩ እንደ ጭነት መኪና ናቸው። ፑኩን ከኋላ ወስዶ የሚያወጣው ማነው? እኔ አሥር ዓመት ቆሜ አይቻለሁ። እግር ያለው ነው የሚያወጣው።"

"እሱስ ልክ ነሽ፣ ልጄ። እኔም የምለው..."

"ጋሼ፣ አንቱ ሌላ ነገር እያነበቡ ነው። ዓይንዎ ወደ ታች ወርዷል።"

ሽማግሌው ታብሌቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። የመለሰው ዚያድ ነበር፤ በጀርመንኛ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

"የባከነ ምርጫ ነው ይላል፣ ማማ። ጀርባው የተበላሸ ልጅ ላይ የተጣለ ዕጣ ነው ይላል። ለዚህ ነው ሦስተኛው ዙር ላይ ያልተጠራሁት። ከሚያዝያ ጀምሮ ይኸው ነው የሚጻፈው። ጀርባዬ ምንም የለበትም! ለመቶ ሰው ተናግሬያለሁ፤ የሚያምነኝ የለም፤ ወሬው ከቤተሰብ ነው የወጣው ይላሉ።"

ነቢላ ቆመች። "አምጣው" አለችው።

ስልኩን ሰጣት። በሚያዝያ የወጣውን የጀርመንኛ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ማሳጠር የለም፣ መጨመር የለም፤ ልክ በዕረፍት ሰዓቷ የተናገረችው ቃል ነው። ጀርባውን ያመዋል። ሳይተወው አይቀርም።

ስልኩን መለሰችለት።

"ይህን ያልኩት እኔ ነኝ" አለች።

ዚያድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ብድግ አለ።

"ለምን?"

"ጠየቀኛ! ወዴት ይሄዳል አለኝ። ምን እንድለው ነበር? አዎ፣ ይሄዳል፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ አውሮፕላን?"

"አዎ! እንደዚያ ነበር የምትይው!"

"ልጄ፣" አሉ ጋሼ ተክለ ማርያም በለስላሳ ድምፅ፣ "ለጋዜጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?"

ነቢላ ወደ እሳቸው ዞረች።

"አንቱ ካገር ሲወጡ ለስንት ሰው ነግረው ነው የወጡት?"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ለእናቴ ደብረ ብርሃን ለቅሶ እደርሳለሁ ብያት ነው የወጣሁት" አሉ።

"አንተስ፣ ተወልደ?"

"እኔ?" አለ ተወልደብርሃን። "ሚስቴን እንኳ ገበያ ነኝ ብያታለሁ። ሱዳን ገብቼ ስደውልላት 'ሽንኩርቱስ?' አለችኝ።"

ያሲን ሳቀና ሳቁን ዋጠው።

"እንግዲህ!" አለች ነቢላ። "ሁላችሁም ያደረጋችሁትን ነው ያደረግሁት። ነገ ሌላ ሰው ቢደውል እንደዚያው ነው የምለው። ማንም ሊፈርድብኝ አይችልም።"

"እኔ ግን ከማንም አልሸሸሁም" አለ ዚያድ።

ይህን ያለው በአማርኛ ነው። ሲናደድ አማርኛ ተናግሮ አያውቅም።

"እናንተ ሸሽታችኋል፤ እሺ። እኔን ቀበሌ አይጠራኝም። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። በረዶው ላይ የማደርገው ነገር ሁሉ ሰው እያየው ነው። እንዲያዩኝ ነው የምጫወተው፣ ማማ። ካላዩኝ ምንም አይደለሁም።"

ነቢላ መልስ ነበራት፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ነገር ግን የዚያድ ስልክ ጮኸ።

የደወለው የክለቡ የአውሮፓ መልማይ ነበር፤ ጀርመንኛ የሚናገር ኦስትሪያዊ። ዚያድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሰውየው እንኳን ደስ አለህ አለ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ። በሐምሌ የሚደረገው የልምምድ ካምፕ የተጋባዦች ዝርዝር ሰኞ ይዘጋል። ዚያድን ያስመረጠው እሱ ራሱ ነው፤ አሠልጣኙ ጤነኛ መሆኑን ስለማለለት። አለቆቹ ግን በዚህ ወሬ ምክንያት ካምፑ ላይ ቦታ ሊሰጡት አልፈለጉም። ወሬው ከቤተሰቡ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ መስማት ይፈልጋል። ካምፑ ላይ ካልታየ በሰባተኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ይረሳል፤ ይህን ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

ዚያድ እናቱን አየ። ነቢላ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"እናቱ ነኝ" አለች በጀርመንኛ። "ወሬውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ጀርባው እንደ እርስዎ ጀርባ ደህና ነው።"

"የኔስ መጥፎ ነው" አለ ሰውየው። ከዚያም ቀጠለ፤ "ወይዘሮ፣ በሚያዝያ ታሟል አሉ። ዛሬ ጤነኛ ነው ይላሉ። የትኛውን ነው የማምነው? ለምንስ ነው ዛሬ ያሉትን የማምነው?"

ያሲን ራሱን ያዘ። ጋሼ ተክለ ማርያም አንገታቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ ጥያቄው ሚዛናዊ ነው። በአገራቸው ሥርዓት ቃሉን ያጠፈ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ኦስትሪያዊው ግን የሐበሻ ዋስ ምን ያደርግለታል?

ነቢላ ብዙ አላሰበችም።

"በሚያዝያ የተናገርኩት ያለ ስሜ ነው" አለች። "ስሙን የደበቀ ሰው የተናገረውን ነው ያመናችሁት፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። አሁን በስሜ እናገራለሁ። እዚያው ወሬው የወጣበት ገጽ ላይ፣ ነቢላ ነኝ፣ እናቱ ነኝ፣ ፌኸንሃይም እሠራለሁ፣ ልጄ ጤነኛ ነው፣ ካምፑም ይሄዳል ብዬ አስጽፋለሁ። እዚያ ደርሶ ጀርባው ቢያመው፣ ከተማው ሁሉ በኔ ይሳቅ። ይበቃዎታል?"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"ከወጣ ለአለቆቼ አሳያቸዋለሁ" አለ ሰውየው። "ቃል ግን አልገባም።"

"እኔም ቃልዎን አልጠየቅሁም" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ተወልደብርሃን ሳንድዊቹን ከጃኬቱ አውጥቶ ትኩር ብሎ አየውና መልሶ ከተተው። "ዋይ ሓፍተይ፣ እህቴ" አለ። "ጨረስሽው።"

ያሲን ግን እጇን ያዛት። ፊቱ ጠቁሯል።

"ነቢልዬ፣ ጤነኛ ነው በይ፤ እሺ። ይሄዳል አትበይ። ገና ሰኞ ነው የሚታወቀው። ቢቀርስ? ሰው ዓይን ውስጥ አስገብተሽው ቢቀርስ? ቢያንስ አውሮፕላኑ ላይ እስኪወጣ..."

"እጄን ልቀቅ።"

"አክስታችንን አስቢ።"

ይህን ማለት አልነበረበትም። ነቢላ ለአፍታ ዓይኗን ከደነች። ስትከፍተው ወንድሟን ሳይሆን ልጇን ነበር ያየችው።

"ያኔ ፓስፖርቴን የነጠቁኝ ስለተናገርኩ አይደለም" አለች። "ነጣቂ ስለነበረ ነው። ዚያድ፣ የዚያን ልጅ ቁጥር አውጣልኝ።"

ቁጥሩ ገጹ ላይ ነበር። ወጣቱ ጸሐፊ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደወልልኛል ብሎ አልጠበቀም፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ። ነቢላ ይቅርታውን አልተቀበለችውም፤ አልነፈገችውምም። የምትለውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ነገረችው። ጽፎ እንዲያነብላት አደረገች። አንድ ቦታ ላይ "እናቲቱ በስሕተት" ብሎ ሊያለሰልስላት ሲሞክር አቋረጠችው።

"በስሕተት አይደለም። አውቄ ነው ያልኩት። እንደዚያ ጻፈው። አሁንም የምልህን አውቄ ነው የምልህ።"

ጽሑፉ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ከሥሩ የአንባቢዎች አስተያየት ተከተለ፤ ጋሼ ተክለ ማርያም ይዝለሉ ወይስ ያንብቡ ግራ ገባቸው። ነቢላ "ሁሉንም" አለቻቸው።

"አንዱ፣ 'እናቱ እንዲህ ከሆነች ልጁ ፑክ ሳይሆን ሰበብ ነው የሚያቀብለው' ይላል።"

"ቀጥሉ።"

"ሌላው፣ 'ቢያንስ በዚህ ድራፍት ስሙን አስፍሮ የተናገረ አንድ ሰው ተገኘ' ይላል።"

"ይሄ ማነው? ይሄ ሰው ነው" አለ ተወልደብርሃን። የታተመ ነገር ሲያመሰግን የሰማው ሰው የለም።

"ሦስተኛው ቁመቱ ላይ ነው።"

"ቁመቱን ስጡኝ" አለች ነቢላ፤ ታብሌቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀብላ በአንድ ጣት መልስ መጻፍ ጀመረች። ዚያድ በትከሻዋ በኩል እያየ በጀርመንኛ "እንደዚያ አይባልም፣ ማማ፣ በጣም ስድብ ነው" ይላታል። ትንሽ አለሳለሰችው፤ ብዙ አይደለም። ልጁ አሁንም ተቆጥቷል፤ ከጎኗ ግን አልተነሳም።

ሰኞ ክለቡ ያወጣው ዝርዝር ውስጥ የዚያድ ስም ነበረበት፤ ከመጨረሻዎቹ መካከል። ያን ቅዳሜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ያሲንም ጥግ ይዞ በከንፈሩ ዱዓ እያደረገ ነበር።

ወደ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ሱቁ በሰው ተሞላ። ተምር የሚፈልግ፣ የሾርባ ቅመም የሚፈልግ። ከነሱ መካከል ሐሊማ ነበረች። ሐሊማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት የምትሠራ ደግ ሴት ናት፤ የሰማችውን በልቧ ማሳደር ግን አትችልም። ከሷ ጆሮ የገባ ነገር ጎረቤት ከተማ ኦፈንባኽ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ነቢላ እሷን ስታይ ሁልጊዜ ወደ ጓዳ ነበር የምትገባው።

የጓዳውን በር ከፍታ ወጣች።

"ነቢላ! እንኳን አደረሰሽ!" አለች ሐሊማ። "ምን ጩኸት ነበር ጓዳ ውስጥ? ደኅና ናችሁ?"

ያሲን ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ሆኖ እህቱን በዓይኑ ለመናት።

"ደኅና ነን" አለች ነቢላ፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ዚያድ ካናዳ ተመርጧል። በሐምሌ ይሄዳል። ሰኞ እምቢ ሊሉት ይችላሉ፤ ካሉትም ራሴ እነግርሻለሁ።"

ሐሊማ የያዘችው የተምር ካርቶን ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

"እውነትሽን ነው? ለሰው ልንገር?"

"ንገሪ" አለች ነቢላ፣ ካርቶኑን እየደገፈችላት። "ለሁሉም ንገሪ።"